የእናቴ ቀኝ ጎን

ደረት ማንኳኳት የሚባል ነገር አለ። የግራ እጃችሁን መሀል ጣት በሰውየው ጀርባ ላይ ታስተኛላችሁ፤ በቀኝ እጃችሁ መሀል ጣት ጫፍ ትመቱታላችሁ፤ ከዚያ ትሰማላችሁ። አየር ያለበት ሳንባ ይጮሃል፤ አየር የሌለበት ዝም ይላል። ዛሬ መሣሪያው በዝቶ ወጣቶቹ ሐኪሞች ብዙም አይጨነቁበትም። እኔ ግን የሕይወቴን መንገድ ያስቀየረኝ ይኸው ማንኳኳት ስለሆነ ወጌን ከሱ ልጀምር።

ዘመኑ የደርግ ነው። በመንግሥት ስኮላርሺፕ ሶቪየት ኅብረት፣ ኦዴሳ ከተማ፣ ሕክምና እማር ነበር። ሦስተኛ ዓመት ጨርሼ፣ ከሄድኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለክረምቱ አዲስ አበባ መጣሁ። እስከዚያ ድረስ የተማርኩት ከመጽሐፍና ከሬሳ ነው። በመስከረም ግን ሆስፒታል ገብተን፣ ነጭ ጋዋን ለብሰን፣ ነፍስ ያለው ሰው አልጋ አጠገብ ልንቆም ነው። ፈርቼ ነበር። በሩሲያኛ የሚያቃስት ሰው ምን እንደሚለኝ ባይገባኝስ? ከሁሉም በላይ ደግሞ የገዛ ጆሮዬን አላምነውም ነበር።

የውስጥ ደዌ አስተማሪያችን ሰፋፊ እጆች ያሏት አሮጊት ነበረች። ለእረፍት ልንበተን ስንል፣ «በክረምቱ ያገኛችሁትን ጤነኛ ሁሉ አንኳኩ» አለችን። «ጤነኛ ደረት እንዴት እንደሚጮህ ያላወቀ ጆሮ የታመመውን አይሰማም።» ይህችው ሴት ሌላም ነገር አስተምራናለች። ክፉ በሽታ ስታገኙ ለቤተሰቡ እንጂ ለበሽተኛው አትንገሩ ትለን ነበር። ይኼኛውን እንኳ እኔን ለማስተማር መድከም አያስፈልጋትም ነበር። ክፉ ነገር ተድበስብሶና ተሸፋፍኖ በሚነገርበት አገር ነው ያደግኩት።

ቤታችን ከመገናኛ ወደ ኮተቤ ስትወጡ ላምበረት ዳገቱ ላይ ነበር። ያኔ ከቤታችን በታች ወደ ገርጂ የሚወርደው ሁሉ እርሻ ነው። ቦሌ ሊያርፍ ዝቅ ያለ አውሮፕላን በመጣ ቁጥር እኔና ታናሽ ወንድሜ ግርማ ከጓሮ ሆነን ሆዱን እያየን አድገናል። አባታችን ቀደም ብሎ ስለሞተ፣ እማዬ በአንዲት የስፌት መኪና የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ነው ያሳደገችን። ግርማ ለብሔራዊ ውትድርና ተጠርቶ ሰሜን ግንባር ዘምቷል። እኔ ስመጣ ወሬው ከጠፋ ወራት አልፈውት ነበር። እማዬ ስሙን የምታነሳው ስትጸልይ ብቻ ነው።

ሰፈሩ ዶክተር ማለት የጀመረኝ ገና ስሄድ፣ ኤርፖርት ሲሸኙኝ ነው። ስለዚህ ጤነኛ ደረት ፈለግሁ ስል ችግር አልገጠመኝም። ማታ ማታ ጎረቤት ሁሉ ሳሎናችን እየመጣ ጀርባውን ይሰጠኛል። ጋሽ ሰይድ የሚባሉ ባለ ታክሲ ጎረቤት ነበሩን፤ የወሎ ሰው፣ ቀልድ የማያልቅባቸው። ሸሚዛቸውን እያወለቁ፣ «እስኪ አንኳኪና ሰው ካለ ንገሪኝ» ይሉኛል።

«አለ ጋሽ ሰይድ፣ ግን አልከፍትም እያለ ነው።»

«በይ ነገ ተመለሺና ሞክሪ።»

የዕድር ሰብሳቢያችን እትዬ ዘነበች ደግሞ ጣቴ ገና ሳይነካት ኮረኮርሽኝ ትልና ቤቱን በሳቅ ትሞላዋለች። እንዲህ እያልኩ ጆሮዬ ለመደ። ጤነኛ ደረት ዓይኔን ጨፍኜ መለየት ቻልኩ።

እማዬ ብቻ እምቢ አለች። «እኔን ተይኝ፣ ሥራ አለብኝ» ትላለች። ሳል ነበራት፤ የክረምቱ ብርድ ነው አለች። ከስታለች፤ የልጄ ሐሳብ ነው አለች። ከመገናኛ ስንመለስ ዳገቱ ላይ ደጋግማ ትቆማለች፤ ለመቆም ግን ሰበብ አታጣም። አንዴ ጫማዋ ጠጠር ይገባበታል፤ አንዴ፣ «እስኪ ያንን አውሮፕላን እዪው» ትለኛለች። አውሮፕላኑን አያለሁ፤ እሷን አላይም። ሦስት ዓመት ሕክምና የተማርኩ ሰው ነኝ እንግዲህ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አላስወጣ ብሎን ተቀምጠን ሳለ፣ «ነይ በቃ፣ ቅር እንዳይልሽ» ብላ ቀሚሷን ከትከሻዋ አወረደችልኝ። የጎድን አጥንቷ መቆጠሩ አስደነገጠኝ። ከግራ ጀመርኩ፤ ከላይ እስከ ታች ጥሩ ድምፅ አለው። የቀኙም ከላይ ደህና ነው። ከትከሻ አጥንቷ ጫፍ ትንሽ ወረድ ስል ግን ድምፁ ሞተ። ጭን የማንኳኳ መሰለኝ። እጄን ያበላሸሁ መስሎኝ ወደ ግራው ተመለስኩ፤ ግራው ይጮሃል። እንደገና ቀኙን መታሁት፤ ዝም። ማዳመጫዬን አስጠግቼ፣ «ተንፍሺ እማዬ» አልኳት። ተነፈሰች፤ በዚያ በኩል ምንም አልሰማሁም።

«ምን አገኘሽ?» አለችኝ።

«ምንም። ገና አልለመድኩትም።»

«ታዲያ እጅሽ ለምን ቀዘቀዘ?»

ዝናቡ ነው አልኳት። ቀሚሷን መልሳ ወደ ስፌቷ ሄደች። እኔ ዩኒፎርም ለማጠፍ ተቀመጥኩ፤ ግን አንዱንም አላጠፍኩም። በእናቴ ደረት ውስጥ ውሃ ቋጥሯል። ከሳንባ ነቀርሳ የመጣ ከሆነ ይድናል። ከካንሰር ከሆነ ግን... እሱን በዚያን ቀን በሐሳቤም በስሙ አልጠራሁትም። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ተሳስቼ ይሆናል የሚለው ሐሳብ ነበር። እንድሳሳት የጸለይኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

በማግስቱ የእማዬ ታላቅ ወንድም ጋሼ ተፈራ ዘንድ ሄድኩ። ሃያ ሁለት አካባቢ ነው የሚኖሩት። የነገርኳቸውን ሁሉ በጥሞና ሰምተው፣ «እርግጠኛ ነሽ?» አሉኝ።

«አይደለሁም ጋሼ። ግን መርፌ ገብቶ መታየት አለበት። ከዋለ ካደረ ትንፋሽ ያሳጣታል።»

«ለሷ ነግረሻታል?»

«አልነገርኳትም።»

«እንዳትነግሪያት። አባትሽ ሆስፒታል ገብቶ ነው የቀረው። ሐኪም ቤት የሚል ቃል ከሰማች ከቤቱ አትወጣም። በዚያ ላይ የልጁ ነገር አለ፤ ይኼ ሲጨመርበት ትሰበራለች።»

«ታዲያ እንዴት አድርገን እንውሰዳት?»

ጋሼ ጥቂት አሰቡና መላ አገኙ። እማዬ ለማንም እምቢ ብትል ለንስሐ አባቷ ለመምሬ ገብረ ሥላሴ እምቢ አትልም። እሳቸው ይምጡና ለምርመራ ብቻ ነው ይበሏት። እትዬ ዘነበች ትምጣ፤ የሴት ነገር ሴት ታባብለዋለች። ጋሽ ሰይድ ታክሲያቸውን ያምጡ። የሆስፒታሉ ካርድ በጠዋት ያልተሰለፈ ስለማያገኘው፣ ለሦስቱም ነግረን፣ ሰዓት እላፊው እንዳበቃ ሁላችንም ቤት እንገናኝ ተባባልን። አራት አምስት ትልልቅ ሰዎች ይህን ስንመክር አንዳችን እንኳ ምን እያደረግን እንደሆነ አልታየንም። ካርዱን ነበር የምናስበው።

የተቀጠረው ጠዋት ካፊያ ነበር። እማዬ ቀድማኝ ተነስታ ጸሎቷን ጨርሳ መስኮቱ አጠገብ ቆማለች። ውሻችን ጮኸ። መጋረጃውን ገለጥ አደረገች።

«እነማን ናቸው?» አለች።

«ጋሼ ናቸው።»

«ከማን ጋር?»

በትከሻዋ በኩል እኔም አየኋቸው። መምሬ ጥላቸውን ዘርግተው መስቀላቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀዋል። ጋሽ ሰይድ፣ ያ ቀልደኛው ሰውዬ፣ አንገታቸውን ደፍተዋል። እትዬ ዘነበች ለካፊያው ብላ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ተከናንባለች። አራቱም የውጭው በር ላይ ቆመው፣ በሹክሹክታ፣ እርስዎ ይቅደሙ እርስዎ ይቅደሙ ይባባላሉ።

ያኔ ነው የገባኝ። በአገራችን መርዶ የሚነገረው እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። በጠዋት ነው፤ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ። ዘመድ፣ የንስሐ አባትና የዕድር ሰው ተሰብስቦ ነው፤ በር ላይ ማን ይቅደም እየተባባለ ነው። ልጇ ግንባር የዘመተ እናት ደግሞ ይህን ጠዋት በሐሳቧ ስንት ጊዜ አይታዋለች።

«ግርማዬ» አለች እማዬ፤ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ ነው ያለችው። ከዚያ መሬት ላይ ወደቀች፤ ጩኸቷም ተከተለ።

ጋሼ እየሮጡ ገቡ። «አይደለም በላይነሽ፣ አይደለም። ግርማ ደህና ነው።»

ምን ዋጋ አለው። መርዶ ነጋሪ ሞተ ብሎ ገብቶ ያውቃል? ትንሽ አሞት ነው ይባላል፤ ቆስሎ ሆስፒታል ገብቷል፣ ደህና ነው ይባላል። «ደህና ነው» የሚለው ቃል እማዬን እንደ ጥይት መታት። ደረቷን እየደቃች፣ «የት ወደቀብኝ? የትኛው ሜዳ ላይ ወደቀብኝ?» ትላለች።

መምሬ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው፣ «ልጄ፣ በዚህ መስቀል እምልልሻለሁ፣ ስለ ልጅሽ የሰማነው ነገር የለም» አሉ።

እማዬ መስቀሉን ተሳለመችና የበለጠ አለቀሰች። «እኔን ለማጽናናት ብለው በመስቀል አይማሉ መምሬ። ኃጢአቱን ለኔ ነው የሚያተርፉልኝ።»

ጩኸቱን የሰማ ጎረቤት ገብቶ ቤቱን ሞላው። ማንም አልጠየቀም፤ መምሬን አይተዋል፣ እማዬን መሬት ላይ አይተዋል፣ በቃቸው። የጎረቤት ሴቶች የግርማን ስም እየጠሩ፣ ቁመቱን፣ አካሄዱን፣ ለታላላቆቹ መነሳቱን እየዘረዘሩ ያለቅሳሉ። ጋሽ ሰይድ ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞሩ፣ «ኧረ ስሙ፣ ኧረ እሱ አይደለም» ይላሉ፤ የሚሰማቸው የለም። ትንሽ ቆይቶ እትዬ ዘነበች ራሷ ስታለቅስ አየኋት። እውነቱን እያወቀች ማልቀሷ ከሁሉ በላይ አስፈራኝ፤ ለአፍታ እኔም ግርማ የሞተ መሰለኝ።

እማዬን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። እንደ ልጅ ሳይሆን ባለፉት ሳምንታት ስለማመደው በነበረው ዓይን አየኋት። ከንፈሯ ጠቁሯል። የአፍንጫዋ ጎኖች በየትንፋሹ ይነፋሉ። ቃል ትጀምራለች፤ አትጨርሰውም። ሰው ሁሉ ሐዘን አቅም አሳጣት ብሎ ነው የሚያስበው። እኔ ግን በቀኝ ጎኗ ያለውን አውቃለሁ። በዚህ አለቃቀስ ብዙ አትቆይም።

ቀና ብዬ ጋሼን አየኋቸው። የማስበውን ገምተው ራሳቸውን ነቀነቁብኝ፤ እንዳትነግሪያት ማለታቸው ነው። አስተማሪዬም እዚያ ብትኖር ያንኑ ታደርግ ነበር። ያደግኩበትም የተማርኩበትም አንድ ነገር ይሉኛል፤ እናቴ ደግሞ ትንፋሽ እያጠራት ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ተንበርክኬ ፊቷን በሁለት እጄ ያዝኩት።

«እማዬ፣ እኔን እዪኝ። የታመምሽው አንቺ ነሽ።»

አልሰማችኝም። ደገምኩት።

«እማዬ፣ አንቺ ነሽ የታመምሽው። ያን ቀን ጀርባሽን ሳንኳኳ ዋሽቼሻለሁ። ደረትሽ ውስጥ ውሃ ቋጥሯል። እነ ጋሼ የመጡት አንቺን ሆስፒታል ለመውሰድ ነው።»

ዓይኗ መጥቶ ዓይኔ ላይ ቆመ። «እኔ?»

«አንቺ።»

«ግርማስ?»

ደህና ነው ልል አፌን ከፈትኩና ተውኩት። «ስለ ግርማ የማውቀው የለም። ደህና ይሁን አይሁን አላውቅም እማዬ። የሰማሁት ነገር ቢኖር ግን አሁን እነግርሽ ነበር።»

ለረጅም ጊዜ ፊቴን አጠናችው። እንድታምነኝ ያደረጋት «አላውቅም» ማለቴ ይመስለኛል፤ ከጠዋት ጀምሮ አላውቅም ያላት ሰው አልነበረም። ከዚያ እየተንፏቀቀች ዞራ ጀርባዋን ሰጠችኝና፣ «አንኳኪው። እኔም ልስማው» አለች።

ጋሽ ሰይድ ቤቱን ዝም አሰኙት። በለቅሶ የተሞላ ቤት እንደዚያ ፀጥ ሲል አይቼ አላውቅም። ቀሚሷን ገልጬ ግራውን መታሁት፤ ጮኸ። በር ላይ የቆሙት ሳይቀሩ ሰሙት። ቀኙን መታሁት፤ ምንም። እንደገና ግራውን፣ እንደገና ቀኙን።

«ይኼኛው እንደ ሞላ ጋን ነው» አለች እማዬ።

«አዎ።»

ዞራ አየችኝ። ፊቷ በእንባ ርሷል፤ ግን ሌላ ሰው ሆናለች። «እኔ ነኛ» አለች። ከዚያ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ፣ «ተመስገን። ተመስገን አምላኬ፣ እኔ ነኝ» አለች። ሳቀችም። እየሳቀች አስላት፣ እያሳላት ሳቀች። ለሚያለቅሱት ሴቶችም፣ «በሉ ይብቃችሁ፣ የሰው ልጅ በቁሙ አታልቅሱበት» አለቻቸው። ጋሼ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

የነጠላዋን ጥለት አስተካክላ በራሷ እግር ወጥታ ታክሲው ውስጥ ገባች። ሐኪም ቤት አልሄድም ትላለች የተባለችው ሴት መገናኛ ሳንደርስ፣ «ሰይድ፣ ፈጠን በል እንጂ፣ ካርዱ ያልቅብናል» ትል ነበር። እኔ ከጎኗ ተቀምጬ እጇን ይዤ አለቅሳለሁ። እሷ መንገዱን እያየች አንዳንዴ፣ «ውሃ ብቻ ነው?» ትለኛለች። ውሃው ከምን እንደመጣ ገና አናውቅም አልኳት። ካወቃችሁ ንገሩኝ አለችኝ።

ውሃው ተቀዳ። ሳንባ ነቀርሳ ነበር። ሐኪሙ የመርፌና የክኒን ሕክምና አዘዘላት፤ ረጅም ነው፣ አታቋርጪ አላት። ለሷው ለራሷ ነው የነገራት፤ ምክንያቱም ጋሼን ወደ ኮሪደር ሊጠራቸው ሲል፣ «እዚሁ ንገሩኝ፣ ቀኙ የኔ ነው» ብላ አስቀረችው። እኔ ወደ ኦዴሳ ስመለስ ዳገቱን ያለ ሰበብ ትወጣው ጀምራ ነበር።

ውድ አንባቢዎች፣ መንገር ሁልጊዜ ያድናል ብዬ አላታልላችሁም። ከዚያ ወዲህ በሥራዬ ዘመን የነገርኩት አንድ ሰው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ ምግብም መድኃኒትም እምቢ ብሎ ሞቷል። ልጆቹ እስከ ዛሬ ሲያዩኝ መንገድ ይቀይራሉ። እኔም እርግጠኛ አይደለሁም። ግን ያ ጠዋት አንድ ነገር ለወጠብኝ። ዘመድ ኮሪደር ላይ እጄን ይዞ፣ «እባክሽ ዶክተር፣ እንዳይሰማ» ሲለኝ፣ የምንደብቀው ነገር ቦታ ባዶ እንደማይቀር ትዝ ይለኛል። ሰውየው በራሱ ፍርሃት ይሞላዋል፤ የሚሞላው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከእውነቱ የከፋ ነው። እናቴ በልጇ ሞት ሞላችው። ስለዚህ መጀመሪያ በሽተኛውን፣ «ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ እቀመጣለሁ። ቆሜ ነግሬ አላውቅም።

ይህን ግማሹን ያስተማረችኝ ደግሞ እሷው ናት። በዚያው ዓመት፣ ኦዴሳ በረዶ በሆነችበት ወር፣ የተማሪ ማደሪያችን ዘበኛ ከአዲስ አበባ ስልክ አለ ብላ ጠራችኝ። እማዬ ናት። ስልክ የምትፈራ ሴት ናት፤ ድምፇ ግን የረጋ ነበር።

«ሰብለ፣ ብቻሽን ነሽ?»

«አይ፣ ሰው አለ።»

«ጥሩ። ተቀመጪ።»

ተቀመጥኩ።

«ግርማ ሞቷል። ዛሬ ጠዋት ነው ያረዱኝ፤ ያሁኑ የእውነት ነው። ጋሼሽ፣ ተመርቃ እስክትመጣ አይነገራት አለ፤ ሁሉም ተስማሙ። እኔ እምቢ አልኩ።»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ ጫንኩት። በመስመሩ ውስጥ ትንፋሿ ይሰማኛል፤ ረጅምና ሙሉ ትንፋሽ ነው።

«አልቅሺ» አለችኝ። «ስልኩን አልዘጋውም።»